ምልክት የማያሳይ በሽታ፦ ለልጆቻችን ስለ አባላዘር በሽታ ምን እንንገራቸው?



ዛሬ የጠራናችሁ ስለ ውጤት፣ ስለ መጽሐፍ እጥረት ወይም ስለ አጥር መዋጮ ልንነጋገር አይደለም። የጠራናችሁ ስለ አባላዘር በሽታ ነው። ርእሱን በጥሪው ወረቀት ላይ አንብበው የቀሩ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እናንተ ግን መጥታችኋልና አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ በእኛ እጅ ናቸው። በእነዚህ አራት ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ ከእናንተ ወይም ከእኛ ካልሰሙ፣ ከሌላ ሰው መስማታቸው አይቀርም። ያ ሌላ ሰው ማን እንደሚሆን ደግሞ እኛ አንመርጥም።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በመጽሐፋችን ውስጥ ስለ አባላዘር በሽታዎች የሚናገር ክፍል አለ። ተማሪዎቹ የተህዋሲያኑን ስም በቃላቸው ይይዛሉ፤ ጎበዞቹ ፈተናውን ይደፍኑታል። ነገር ግን ያንኑ ጎበዝ ተማሪ ለብቻው ጠርታችሁ «አንድ ጓደኛህ ሽንቱን ሲሸና ቢያቃጥለው ምን ትመክረዋለህ?» ብትሉት አንገቱን ይደፋል። ስሙን ያውቃል፣ የሚሄድበትን በር አያውቅም። ምክንያቱም ለልጆቻችን ስናስተምር የኖርነው ፍርሃትንና እፍረትን ነው። እነዚህ በሽታዎች ተደብቀው የሚኖሩ በሽታዎች ናቸው፤ ፍርሃትና እፍረት ደግሞ ዋነኛ መደበቂያቸው ነው። ልጆቹ በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንዴት እንደሚያልፍ፣ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራና ሕክምናው የት እንደሚገኝ ይወቁ። ዛሬ የምለምናችሁ ይህን እንድናስተምር እንድትረዱን ነው።

የፍርሃቱ ትምህርት ከየት እንደመጣ በዕድሜ ጠና ያልን እናስታውሳለን። ኤች አይ ቪ በአገራችን መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰበ የደም ናሙና ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታዩት በ1986 ነው። መድኃኒት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየሰፈሩ ድንኳን ይተከል ነበር፤ አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ እንደገና ጎንበስ ቀና አሉ። በዚያ ዘመን የራስ ቅል ሥዕል በየግድግዳው የለጠፉትን ሰዎች አልወቅስም። በእጃቸው የነበረው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። ሆኖም በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ዓለም ተለውጧል። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህን ሐቅ የሚያውቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈልጉ፤ ብዙ አታገኙም። የራስ ቅሉን ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ፍርሃቱ ቢያስተምር ኖሮ ዕውቀቱ በታየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች መካከል ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከሴቶቹ 24 በመቶ፣ ከወንዶቹ 39 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። «የተሟላ ዕውቀት» የተባለው የሐኪም ዕውቀት አይደለም። ኮንዶምን ሁልጊዜ መጠቀምና ለአንድ ቫይረሱ ለሌለበት ጓደኛ መታመን እንደሚከላከል ማወቅ፣ ጤነኛ የሚመስል ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል ማወቅ፣ በአካባቢው የሚወሩትን የተለመዱ የተሳሳቱ ወሬዎች አለመቀበል፤ ይኸው ነው። ይህን ያህሉን እንኳ ከአራት ወጣት ሴቶች ሦስቱ አሟልተው አልመለሱም።

በክፍሌ በር አጠገብ ቁልፍ ያለው ሳጥን አለ። ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ጥያቄውን ይጨምራል፤ እኔ በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አወጣና እመልሳለሁ። ከዚያ ሳጥን የተማርኩት ከማንኛውም ሥልጠና ካገኘሁት ይበልጣል። ደጋግሞ የሚወጣው ጥያቄ በልዩ ልዩ አጻጻፍ አንድ ነው፦ «ምንም ካላመመኝ በሽታ የለብኝም ማለት ነው?» የልጆቻችን ጤና የተንጠለጠለው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መልሱ አይደለም ነው። ለምን አይደለም የሚለውን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ እናንተም እንድትናገሩት።

በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሊተላለፉ የሚችሉ ከ30 በላይ የባክቴሪያ፣ የቫይረስና የጥገኛ ተህዋሲያን ዓይነቶች ይታወቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ሊድኑ በሚችሉት በአራቱ፣ ማለትም በክላሚዲያ፣ በጨብጥ፣ በቂጥኝና በትሪኮሞናስ 374 ሚሊዮን አዲስ መያዝ ተከስቷል፤ በቀን ከ1 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሰው አሞት ሐኪም ቤት የተሰለፈ አይምሰላችሁ። አብዛኛው ምንም ሳይሰማው ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርቱ የሄደ ነው።

ጨብጥን እንውሰድ። ወንድ ልጅ ሲይዘው በአብዛኛው በአንድ ሳምንት ውስጥ ያቃጥለዋል፣ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያያል። ሴት ልጅ ሲይዛት ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይታያትም፤ ቢታያትም የወር አበባ ሊመጣ ሲል የሚሰማ ሕመም ይመስላታል። ክላሚዲያ ከዚህም የባሰ ዝምተኛ ነው፤ ከተያዙት ሴቶች አብዛኞቹ፣ ከወንዶቹም ብዙዎቹ ምልክት አያዩም። ተህዋሲው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከማሕፀን በር ወደ ላይ ይወጣል፣ እንቁላል የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ቱቦውን ያጠበዋል ወይም ይደፍነዋል። ልጅቷ በ17 ዓመቷ ያልታከመችው በሽታ በ25 ዓመቷ፣ ወግ ማዕረግ አይታ ካገባች በኋላ ልጅ አልመጣ ሲል ይታወቃል። ያኔ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጠበል ለጠበል ይዞራል፣ ትዳሩ ይፈርሳል፤ ስሟም መካን ይባላል። ሁሉም መካንነት ከዚህ ይመጣል አላልኩም። ከዚህ የሚመጣው ግን በጊዜው በተወሰደ ርካሽ መድኃኒት ሊቀር ይችል የነበረ መሆኑ ሊያንገበግበን ይገባል።

ቂጥኝ ደግሞ ተንኮሉ ሌላ ነው። ከተላለፈ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ አንድ ቁስል ይወጣል። አያምም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ምንም መድኃኒት ይጠፋል። ልጁ በዚያ ጊዜ የጠጣውን ሁሉ፣ ከመድኃኒት ቤት የገዛውን እንክብል ይሁን የቅጠሉን ጭማቂ፣ «አዳነኝ» ብሎ ያምናል፤ ለጓደኛውም ያዝዝለታል። በሽታው ግን ወደ ደም ገብቷል። ከሳምንታት በኋላ ሽፍታ ሆኖ፣ አንዳንዴም በመዳፍና በእግር ውስጥ ሳይቀር ይወጣል፤ እሱም ይጠፋል። ከዚያ ዓመታት የሚፈጅ ጸጥታ ይመጣል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ በሽታውን የሚያውቀው የደም ምርመራ ብቻ ነው። ሳይታከም ከቀረ በልብ፣ በአንጎልና በነርቭ ላይ ጉዳት ሊያደርስ፣ ከእናት ወደ ፅንስ ተላልፎ ልጁን በማሕፀን ሊገድለው ይችላል። እርጉዝ ሴት ክትትል ስትጀምር ደሟ ለቂጥኝ የሚመረመረው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ በአንድ ጊዜ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በሽታ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። የራስ ቅል ሳላሳያቸው።

ከሳጥኑ የሚወጡትን ሌሎች ነገሮች በአጭሩ ላንሳ። ጨብጥ በጨረቃ ትይዩ በመሽናት አይመጣም፤ ከፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ በመቀመጥም አይመጣም። ይህን ከአያቶቻችን ሰምተን ያለፍን እኛ ነን፤ ልጆቹ ከእኛ ሰምተውታል። ብዙዎቻችን ምች መታኝ የምንለው የከንፈር ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ሥራ ነው፤ ዳማከሴ ያሸተተ ሰው ቢቀለውም ቫይረሱ ግን በሰውነቱ ይቀራል፣ ቁስሉ በወጣ ጊዜ መሳምም ያስተላልፋል። ሄፓታይተስ ቢ በግብረ ሥጋም ይተላለፋል፤ እርሱን የሚከላከለው ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው አምስት በሽታ ተከላካይ ክትባት ውስጥ አለ፤ የልጃችሁን የክትባት ካርድ ያስቀመጣችሁ ፈልጋችሁ እዩት። ከርክርና ባምቡሌ የሚባሉት የአባላዘር በሽታዎች እንደ ቀድሞው በብዛት አይሰሙም፤ እነርሱ ያሳምማሉና ሰውን ወደ ሐኪም ይገፋሉ። እኔን የሚያስጨንቁኝ የማያሳምሙት ናቸው።

አሁን በቤተ ሙከራ የምናደርገውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትሰልቹኝ፤ ይህ ትምህርት እንዴት መሰጠት እንዳለበት ያለኝ እምነት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ለ40 ተማሪዎች 40 ብርጭቆ ይታደላል። በሁሉም ውስጥ ያለው ውሃ ይመስላል። በአንዱ ውስጥ ብቻ በጣም የቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ የትኛው እንደሆነ የያዘውም ተማሪ አያውቅም። መጠጣትና መንካት ክልክል ነው። ከዚያ ሦስት ዙር እንዲቀያየሩ አዛቸዋለሁ፦ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ወደ ሌላው ብርጭቆ ይጨምራል፣ ያኛውም ይመልሳል። ለጥቂቶች አስቀድሜ በጆሯቸው የተለየ ትእዛዝ ሰጥቻለሁ። ሁለቱ ማንም ቢጠይቃቸው «አልቀይርም» ይላሉ። ሌሎች ሁለት እርስ በርሳቸው ብቻ ይቀያየራሉ። አንዱ ብርጭቆውን በላስቲክ ሸፍኖ ያጋጫል እንጂ ውሃው አይገናኝም።

ይስቃሉ፣ ይጯጯሃሉ፤ ከማን ጋር እንደተቀያየሩ ይቀላለዳሉ። ከዚያ በየብርጭቆው ጠብታ ፊኖልፍታሊን እጨምራለሁ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ውሃው ወደ ሮዝ ይቀየራል። አንዱ ብርጭቆ በመጀመሪያው ዙር ሁለት፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው እስከ ስምንት ሆኗል። ሳቁ ይቆማል። እምቢ ያሉት ጥርት ያለ ውሃ ይዘዋል። እርስ በርስ ብቻ የተቀያየሩትም እንዲሁ፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ንጹሕ ስለነበሩ። ላስቲክ የሸፈነውም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲያው ሁልጊዜ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ማን ነው የጀመረው?» መፈላለግ ይጀምራሉ፤ ዓይኖች ሁሉ አንድ ልጅ ላይ ያርፋሉ። እዚያ ላይ አስቆማቸዋለሁ። የተሰጠውን ብርጭቆ ከመያዝ በቀር ያ ልጅ ምን አጠፋ? ለስምንቱስ የሚጠቅማቸው የመጀመሪያውን ማወቅ ነው ወይስ ሁሉም መታከማቸው? እኛ ትልልቆቹ ይህን በሽታ ስንሰማ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ከማን አመጣችው?» የሚል ነው። ልጆቹ ይህን ጥያቄ የተማሩት ከእኛ ነው። አንድ ሰዓት በማይሞላ ሙከራ የሚማሩት ነገር ግን ዓይን ብቻውን በሽተኛና ጤነኛ እንደማይለይ፣ ሊመረመር የሚገባው በሽተኛ የሚመስለው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ነው። በአንድ ጥንድ ውስጥ አንዱ ታክሞ ሌላው ካልታከመ በሽታው ተመልሶ እንደሚመጣም በዚያው ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ሴት ልጆቻችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ለማባበል ጊዜ የለኝም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ልጃችሁን ከገጠር ቀበሌ ወደዚህ ከተማ ለትምህርት ልካችኋል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ትልካላችሁ። ስንቁ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ላይ ያልቃል። ኪራይ የጨመረ አከራይ አለ፤ የስልክ ካርድ የሚሞላ፣ ኪራዩን «እኔ አለሁ» የሚል፣ በዕድሜ አባቷን የሚያክል ሰው አለ። ልጅቷ እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆማ «ኮንዶም ተጠቀም» ወይም «መጀመሪያ እንመርመር» ማለት ትችላለች ብሎ የሚያስብ ሰው ችግሩን አያውቀውም።

ያው የ2016ቱ ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት ግማሾቹ የመጀመሪያ ግንኙነታቸውን የፈጸሙት 17 ዓመት ሳይሞላቸው እንደሆነ ይናገራል፤ መካከለኛው ዕድሜ 16.6 ነው። የወንዶቹ 21.2 ነው። ይህ ልዩነት ምን እንደሚል አስቡት። ለብዙዎቹ ልጃገረዶች ያ ግንኙነት የመጣው በጋብቻ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ በሕግ ክልክል ሆኖ ሳለ። ስለዚህ «ከጋብቻ በፊት ታቀቢ» የሚለው ምክር ብቻውን ለእነዚህ ልጆች ምንም አልሰጣቸውም። ባልየው በዕድሜ ይበልጣል፣ ቀድሞ ግንኙነት ነበረው፣ ማንም አልመረመረውም። በተፈጥሮም የወጣት ልጅ የማሕፀን በር ገና ያልጠነከረ ስለሆነ ለክላሚዲያና ለመሰል ተህዋሲያን ከትልቅ ሴት ይልቅ የተጋለጠ ነው። ድሮም በወላጅ ፈቃድ የተዳረች ልጅ ከበሽታ ተጠበቀች ማለት አይደለም።

ለባልደረቦቼ መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። ውጤትን ለተማሪ ገላ የሚለውጥ መምህር ባለበት ትምህርት ቤት ስለ መከላከል የሚሰጥ ትምህርት ከንቱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሚሸፍን የሙያ ወዳጅነት የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ተማሪዋ የምትነግረው፣ የምታምነው ሰው በግቢው ውስጥ መኖር አለበት። የሥርዓተ ጾታ ክበባችን ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

ልጃችሁ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ተገዳ ወይም ተገዶ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አለ፤ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ከተጋለጡ በኋላ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለውም እስከ አምስት ቀን ድረስ ብቻ ይሠራል። ሽማግሌ ተሰብስቦ «ነገሩ በዕርቅ ይለቅ» ሲባል ሦስቱ ቀን ያልፋል። ሽምግልናችን ባህላችን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ልጅቷ መጀመሪያ ወደ ሐኪም፣ ከዚያ ወደ ሕግ ትሂድ።

አሁን ወደሚያከራክረን ነገር ደረስን። «ስለ ኮንዶም ከነገራችኋቸው ፈቃድ ሰጣችኋቸው ማለት ነው» ትሉናላችሁ። ጭንቀታችሁን አከብራለሁ፤ እኔም ወላጅ ነኝ። እኔ በክፍል ውስጥ ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው መቆየትን ነው፦ ትምህርታችሁን ጨርሱ፣ አካላችሁም ኑሯችሁም እስኪጸና ታገሡ፣ ማንም ሊቸኩልባችሁ መብት የለውም። ይህን የምናገረው ከልቤ ነው። ግን እዚያ ላይ አላቆምም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 አሻሽሎ ባወጣው መመሪያ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን መርምሮ፣ የሥነ ጾታ ትምህርት ወጣቶችን ወደ ግንኙነት እንደማይገፋ አረጋግጧል። ክረምት ሲገባ የወንዙን መሻገሪያ ለልጁ የሚያሳይ አባት፣ ሂድና ዋኝ ያለው አይደለም።

ስለ ኮንዶም የምንነግራቸውም ሙሉውን እውነት ነው። በትክክልና ሁልጊዜ ከተጠቀሙበት ከኤች አይ ቪ፣ ከጨብጥና ከክላሚዲያ በእጅጉ ይከላከላል። በቆዳ ንክኪ ከሚተላለፉት ከሄርፒስና ሂዩማን ፓፒሎማ ከሚባለው ቫይረስ ግን ሙሉ በሙሉ አያድንም። ጊዜው ያለፈበት፣ በኪስ ቦርሳ ውስጥ ሲታሸት የከረመ አይታመንም። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት ላስቲኩን ያበላሹታል። ወንዶቹ ደግሞ «እኛ ተገርዘናል» ይላሉ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች ግርዛት ወንዱ ከሴት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉን 60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። መቀነስ ነው፤ ማስቀረት አይደለም። ልጅቷንም አይጠብቃትም።

እምቢታም ልምምድ ይፈልጋል። በሚኒ ሚዲያችን ከሚቀርቡት ድራማዎች ሁሉ የተማሪውን ጆሮ የሚይዘው ልጃገረዶቹ ራሳቸው የጻፉት ነው። «ከወደድሽኝ» ለሚል ምን እንደሚመለስ፣ «አታምኚኝም?» ለሚል ምን እንደሚመለስ እነርሱ ያውቃሉ፤ በእነርሱ አንደበት ሲነገር ያምራል። ወንዶቹም ተቀባይ ሆነው ይለማመዱ። «አይሆንም» ሲባል ሳይቆጣ መሄድን ያልተማረ ወንድ ልጅ ትምህርቱ ጎደሎ ነው፤ ይህን ደግሞ ከመምህር ይልቅ ከአባቱ ቢማረው ይበልጣል።

ስለ ክትባቱ ሳልናገር አልወርድም። የማሕፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ነው። መንሥኤው በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ መሆኑን ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውሰን በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ከቫይረሱ ብዙ ዓይነቶች ሁለቱ፣ ቁጥር 16 እና 18 የሚባሉት፣ ለካንሰሩ 70 በመቶ ያህል ምክንያት ናቸው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን በጤነኛ ሴት ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በ35 ወይም በ40 ዓመቷ፣ ልጆቿን በምታሳድግበት ጊዜ የሚገድላት በሽታ የገባው በልጅነቷ ሊሆን ይችላል። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ሲሰጥ ነው። ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠውም ለዚህ እንጂ «ሊጀምሩ ነው» ተብሎ አይደለም።

አገራችን ይህን ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች፤ በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉት ሁሉ ተካተቱ፤ አሁን የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ «ያመክናል» የሚል ወሬ ተነዛ። ልጆቻቸውን ከክፍል ያስቀሩ ወላጆችም ነበሩ። ክትባቱ አያመክንም። የሚያመክነውን ቀደም ብዬ ነግሬያችኋለሁ፤ ያልታከመ ክላሚዲያና ጨብጥ ነው። እናቶች ደግሞ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ለእናንተም እንዳለ አትርሱ፤ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነው።

ለጤና ጣቢያችን ባለሙያዎች የምለውን በፊታችሁ ልናገር። ለወጣቶች ምቹ የሆነ አገልግሎት የሚል ጽሑፍ በግድግዳችሁ ላይ አለ። ተማሪው ግን ከጎረቤቱ ጋር አንድ ወረፋ ላይ ተቀምጦ፣ ካርድ ክፍል ላይ ሕመሙን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠየቃል። በማግሥቱ እናቱ ትሰማለች። ስለዚህ ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ጓደኛው የነገረውን እንክብል በጥቂት ብር ገዝቶ ግማሹን ይውጣል፣ ሲሻለው ይተዋል። የጨብጥ ተህዋሲ ደግሞ ድሮ ይገድሉት የነበሩትን መድኃኒቶች አንድ በአንድ እየተላመደ መጥቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ልጆቻችን ግን እንዲደብቁ የምናስገድዳቸው እኛ ነን። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚከፈት አንድ ክፍል፣ በር የሚዘጋ፣ ምሥጢር የሚጠብቅ አንድ ነርስ ብትመድቡልን ከመቶ ፖስተር ይበልጥብናል። በስልክ መጠየቅ ለሚቀለው 952 የሚባለውን የጤና መስመር ቁጥር ለተማሪዎቹ እንሰጣለን።

የሃይማኖት አባቶች፣ ብዙ አጥቢያዎችና መስጊዶች ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግ በመጠየቃችሁ ብዙ ትዳር ተጠብቋል። በዚያው ላይ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራን ጨምሩበት። የሙሽራዋንም የልደት ዘመን ጠይቁ። ልጆቹ ለንስሐ አባታቸው ወይም ለኡስታዛቸው ሲናገሩ፣ ከተግሣጹ ቀጥሎ «ተመርምረሃል?» የምትል ቃል ይስሙ።

ወላጆች፣ በሚቀጥለው ወር በሁሉም ክፍሎች ይህን ትምህርት እንሰጣለን፤ ብርጭቆዎቹም ሳጥኑም ይኖራሉ። ልጁ እንዲማር የማይፈልግ ወላጅ ካለ መብቱ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጃችሁን ከማስቀረታችሁ በፊት እናንተ ራሳችሁ ኑ፣ በኋለኛው ወንበር ተቀምጣችሁ አንዱን ክፍለ ጊዜ እስከ መጨረሻው አዳምጡ፤ ከዚያ በኋላ ወስኑ። በሩ ክፍት ነው።